ያገለገለ ፒካፕ ጎንደር ላይ፦ ምኑ ይበላሻል? ጥገናውስ ስንት ያስወጣል?

ጎንደር ውስጥ ፒካፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ደላላ ጋ ይደውላል። ቀጥሎ ፒካፕ የነዳ ዘመድ ይፈልጋል። እኔ ያ ዘመድ ነኝ። መካኒክ አይደለሁም። እስካሁን ሦስት ፒካፕ ይዣለሁ፤ ሦስቱም አሮጌ ነበሩ። አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ የዋልኩበት ቀን ቢቆጠር ሙያ ያስመርቅ ነበር። በስልክ ስደጋግመው የኖርኩትን እነሆ ጻፍኩት።

ዓመተ ምህረቱን ልይ ወይስ ኪሎ ሜትሩን?

ሁለቱንም እዩ፣ ሁለቱንም አትመኑ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት መስመር ሲሠራ ነበር?» ብዬ ነው።

ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚህ የሚወጣ መንገድ ሁሉ መኪናን የሚጎዳበት የራሱ ቦታ አለው። በአይከል አድርጎ ወደ መተማ የሚሄደው ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ታች ሐሩር ነው። ሲመለስ ደግሞ ሰሊጥ ጭኖ ያንኑ ሁሉ ዳገት ይወጣል። ስለዚህ የመተማ መኪና በሽታው ሙቀት ነው፦ ራዲያተር፣ የውሃ ፖምፓ፣ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ራስ)። በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ሲወርድና ሲወጣ የኖረው ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ጨርሷል። ደምቢያ ገጠር የሠራው ክረምት በዋልካ ጭቃ፣ በጋ በአቧራ ነው የኖረው። የሱን ኩሽኔታዎች (ቤሪንጎች) እና ክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉን መገጣጠሚያ) እዩ፤ የዲፍረንሻል ዘይቱንም አስከፍታችሁ እዩ፣ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር በአስፋልት ሲመላለስ ብቻ የኖረ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ካገኛችሁ ነው እንግዲህ።

ሻጩ መስመሩን ላይነግራችሁ ይችላል። መኪናው ግን ይናገራል። ቆጣሪው 80,000 እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ አንዱ ይዋሻል፤ ፔዳሉ አይደለም። አንድ ጊዜ «ከከተማ ወጥቶ አያውቅም» የተባለ ሃይሉክስ አየሁ። የሾፌሩን ወንበር ገፋ አድርጌ ምንጣፉን ሳነሳ ሥሩ ሰሊጥ ነው። እፍኝ ሙሉ ሰሊጥ! ሻጩም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ዋጋው ወረደ።

አሮጌ ፒካፕ ለምን ይህን ያህል ተወደደ?

አዲሱ እንደ ልብ ስለማይገባ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አገልግለው የሚገቡ መኪኖችን ክፉኛ ጫናቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ዘለለ፣ መለዋወጫም አብሮ ዘለለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ክብር አገኘ። «ያኔ በዚህ ዋጋ ሁለት ይገዛ ነበር» የሚለው ጸጸት አሁን አይረዳም።

የትኛው ሞተር ይሻለኛል?

ምን ልትጭኑበት ነው? ማንስ ይጠግንላችኋል? መልሱ እዚያ ላይ ነው።

የድሮዎቹ ሃይሉክሶች ሞተሮች፣ 3ኤል (2.8 ሊትር) እና 5ኤል (3.0 ሊትር)፣ ኮምፒውተር የላቸውም። የናፍጣ ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው። መንገድ ላይ ቢቆሙ አዲስ ዘመን ከተማም ሆነ ማክሰኝት የሚነካካቸው ሰው አይጠፋም። ጉልበታቸው ግን ትንሽ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ስለሌላቸው እዚህ ከፍታ ላይ ይባስ ይደክማሉ፤ የጎንደር አየር ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ካሳዩ ወዲያው አትደንግጡ። አንዳንድ መካኒክ ጉልበት ለመጨመር ብሎ ፖምፓውን ይከፍተዋል። ያኔ ጭሱ ይበዛል፣ ናፍጣው ይበላል፣ ሞተሩ ይሞቃል። ጉልበቱ የሚጨምረው በሾፌሩ ሐሳብ ውስጥ ነው።

ቪጎ የሚባለው ሃይሉክስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 የተሠራው፣ ዲፎርዲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ነው፦ 2ኬዲ 2.5 ሊትር፣ 1ኬዲ 3.0 ሊትር። ጉልበተኛ ነው፣ ናፍጣ ይቆጥባል፣ ግን በንጹሕ ናፍጣ የሚኖር ሞተር ነው። ችግሩን ወረድ ብዬ ለብቻው አመጣዋለሁ።

ከባድ ሥራ ካላችሁ ላንድክሩዘር 79 አለ። ውስጡ ያለው 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ ነው። ይህን ሞተር በዘይትና በውሃ ከያዛችሁት እናንተን ይጦራል። ነገር ግን ስድስት ሲሊንደር ማለት ስድስት ኢንጀክተር (ናፍጣ ረጪ)፣ ስድስት ፒስተን ነው፤ ዘይቱ ብቻ ከ9 ሊትር ያልፋል። ለነጋዴ ይሆናል። ቤተሰብ ይዞ ጥምቀት ለማክበር ብቻ የሚፈልገው ሰው ግን ምን ያስቸኩለዋል?

ሚትሱቢሺ ኤል200 ባለ 4ዲ56 ሞተር ረከስ ብሎ ይገኛል። ሲሞቅ ቴስታታው ይሰነጠቃል የሚል ስም አለው፣ ስሙም ያለምክንያት አልመጣም። አይሱዙ ዲማክስ በበኩሉ ጠንካራ ነው።

ለማየት ስሄድ በምን ልጀምር?

በሰዓቱ። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ሂዱ። «ሳልመጣ እንዳታስነሱት» በሉ። ስትደርሱ ሰላምታው ሳያልቅ ኮፋኖውን (የሞተሩን መክደኛ) በመዳፋችሁ ንኩት። የጎንደር ጧት ይቀዘቅዛል፤ ኮፋኖውም መቀዝቀዝ አለበት። ለብ ካለ ቀድመው አስነስተው አሙቀውታል። የደበቁት ነገር አለ ማለት ነው።

ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኛችሁት የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። በሞቀ ሞተር ላይ ይህን እንዳታደርጉ፣ ፊት ያቃጥላል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከወጣ፣ አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ።

ከዚያ ይነሳ። ነጭ ጭስ ትንሽ ወጥቶ ከጠፋ ብርድ ነው። ካልጠፋ ኢንጀክተር ወይም የደከመ ሞተር ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል ወይም ቱርቦው ያፈሳል።

የኔ መካኒክ የሚያደርጋት አንዲት ነገር አለች። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይፈታና እዚያው ቀዳዳው ላይ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። እጁን ኪሱ ከቶ ዝም ብሎ ያያል። ክዳኑ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይደል። እየዘለለ ከወደቀ ግን በፋሻው አልፎ የሚመጣው ትንፋሽ ነው የሚያዘልለው። «ይህ ሞተር ይወርዳል» ይላል፤ ወርዶ መታደስ አለበት ማለቱ ነው። ሌላ ምርመራ አይጨምርም።

ሞተሩ ዳገት ላይ ይሞቃል። ከባድ ነው?

አዎ። ከሁሉም ጥገና ሰው ንቆት ብዙ ብር የሚያስወጣው ይህ ነው።

የኔን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ፒካፔ 5ኤል ነበር። ገንዳ ውሃ ከምትባለው ከተማ ጭኜ ስመለስ፣ አይከል ሳልደርስ የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ሄደ። ቆምኩ። እዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ በጀሪካን የያዝኩትን ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ገለበጥኩት። ቴስታታው ተሰነጠቀ። መኪናው ተጎትቶ አዘዞ ሲደርስ ሽማግሌው መካኒክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ የራዲያተሩን ክዳን መቼ ነው የቀየርከው?»

«ክዳን ይቀየራል እንዴ፣ ጋሼ?»

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ነው። ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ሞተር ሲሠራ ሙቀቱ እዚያው አካባቢ ነው የሚውለው። ሳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ስፕሪንግ ነው፤ ውሃውን በግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ስፕሪንጉ ሲደክም ውሃው ያለ ጊዜው ይፈላል፣ ይተንናል፣ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይጣመማል። ክዳኑ በራዲያተር ዕቃ ውስጥ ከርካሹ ሁሉ ርካሽ ነው። እኔ እሱን ሳልገዛ ቴስታታ ገዛሁ።

የሙቀት ጥገና ዋጋ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው። ክዳንና ቴርሞስታት ቀላል ናቸው። ራዲያተር ማሳጠብ ቀጥሎ ይመጣል። ከዚያ የውሃ ፖምፓ። ከዚያ ጓርኒሲዮን፣ ከዚያ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀርጹበት) ማስላግ። አናቱ ላይ አዲስ ቴስታታ። የመጀመሪያውን ደረጃ ንቆ የዘለለ ሰው መጨረሻው ላይ ይገኛል።

ዲፎርዲ ኢንጀክተሩ ያስቸግራል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግማሹ ጥፋት ግን የናፍጣው ነው። የዲፎርዲ ፖምፓ ናፍጣውን ከ1,300 ባር በላይ ጨምቆ ነው የሚረጨው። የኢንጀክተሩ ቀዳዳ ከፀጉር አይተናነስም። ናፍጣ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ስትቀዱ ከናፍጣው ጋር ውሃም፣ አሸዋም፣ አንዳንዴ ላምባም ትቀዳላችሁ። 5ኤል እያሳለ ያልፈዋል። ዲፎርዲ ይታመማል።

ሁለተኛው ጉድ የ1ኬዲ ነው፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ኢንጀክተሩ ሥር የመዳብ ዋሸር አለች። እሷ ስትሾልክ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍርና ታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል። ዘይት ካልወጣ ቱርቦ ያልቃል፣ ብሮንዚን (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ይበላል። ከሳንቲም ያልበለጠች ዋሸር ሞተር ታወርዳለች። ስለዚህ 1ኬዲ ከገዛችሁ መጀመሪያ ኢንጀክተሮቹን አስወጥታችሁ ዋሸሮቹን ቀይሩ፤ ካርተሩንም (የዘይት ማጠራቀሚያውን) አስወርዳችሁ ወንፊቱን አሳዩ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ስካነር ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ማስተካከያ ቁጥር ያሳያችኋል። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ለብቻው ከራቀ የትኛው እንደታመመ አወቃችሁ። «አንዱን ብቻ ልቀይር?» ትሉኛላችሁ። የቀሩት ዕድሜያቸው እኩል ከሆነ ተራ በተራ ይከተሉታል። አቅም ካለ አራቱንም። ከሌለ አንዱን፣ ግን ሌላውን ጠብቁ።

የናፍጣ ፊልትሮ ላይ አትቆጥቡ። እኔ በየ10,000 ኪሎ ሜትር እቀይረዋለሁ፤ ከጀሪካን ከቀዳሁ ከዚያም ቀድሜ።

ታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቭና ፒስተንን የሚያናብበው ቀበቶ) መቼ ይቀየራል?

3ኤል፣ 5ኤል፣ 2ኬዲ፣ 1ኬዲ፣ 1ኤችዜድ ሁሉም ባለ ቺንጋ ናቸው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩት። መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፣ በገዛችሁ ሳምንትም ቀይሩት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ኤል200 ሁለት ቺንጋ አለው፤ ትንሿ ስትበጠስ ትልቋን ይዛ ልትሄድ ስለምትችል ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ። ከድሮዎቹ አይሱዙ 4ጄኤ1 እና 4ጄቢ1 አብዛኞቹ በቺንጋ ሳይሆን በጥርስ ስለሚሠሩ ይህ ጭንቀት የለባቸውም።

ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ ይቆያል? ሲቀየርስ ምን ምን ይገዛል?

በሾፌሩ እግር ነው የሚቆየው። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ይዞ የሚቆም ሰው በዓመትም ይጨርሰዋል። ለመፈተን ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ዳገት ላይ ነዳጅ ስጡት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ አልቋል።

እዚህ ላይ ዋናው ወጪ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ማውረዱ ነው፤ በተለይ ፎር ባይ ፎር ከሆነ ይከብዳል። ስለዚህ ከወረደ አይቀር ዲስኮ (የፍሪሲዮን ሸራው)፣ ስፒንጂ ዲስኮ (ዲስኮውን የሚጫነው)፣ ሬጂስፒንታ (ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያስለቅቀው ቤሪንግ) ሦስቱንም ቀይሩ። ዲስኮው የሚያርፍበትን ቮላኖም ቶርኖ ቤት አሳዩት። ዲስኮ ብቻ ቀይሮ ሬጂስፒንታውን የተወ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ካምቢዮ ሲያስወርድ አይቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከሙ ንብብር ስፕሪንጎች) ላስጨምርበት?

ሁሉም ያስጨምራል። እኔም አስጨምሬያለሁ። አሁን ቢሆን አላደርገውም።

ሃይሉክስ ፋብሪካው የሰጠው የመጫን አቅም አንድ ቶን ገደማ ነው፤ አሥር ኩንታል። እኛ ሃያ እንጭናለን። ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም አቅሙ የጨመረ ይመስላል። አክስሉ ግን ያው ነው፣ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ያው ነው፣ ፍሬኑም ያው ነው። እንዲያውም ፍሬኑ ይብሳል። ብዙ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላቸው። ጭነት ሲበዛ የመኪናው ወገብ ይወርዳል፣ ቫልቩም ያንን አይቶ ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይለቃል። ባሌስትራ ጨምራችሁ ወገቡ አልወርድ ሲል ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ ያስባል። ሃያ ኩንታል ጭናችሁ ሊማሊሞ ላይ ስትረግጡ የኋላው ፍሬን ለባዶ መኪና የሚሆነውን ያህል ብቻ ይይዛል። የግድ ከተጨመረ ያ ዘንግ አብሮ ይስተካከል። ባሌስትራ የሚሠሩት ግን ብዙ ጊዜ አይነኩትም።

የተጨመረበትን መኪና ስትገዙ ከሥሩ ግቡና ከጋቢናው ኋላ ያለውን ሻንሲ በባትሪ መብራት እዩ። ስንጥቅ፣ የብየዳ ጠባሳ፣ ለብቻው አዲስ የተቀባ ቀለም ካገኛችሁ ተሰብሮ ነበር ማለት ነው።

በአጠቃላይ ለጥገና ስንት ብር ልመድብ?

በብር አልጽፍላችሁም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለመስቀል ውሸት ይሆናል። የምታወጡበትን መንገድ ልስጣችሁ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለት መለዋወጫ ሱቅ ደውላችሁ አራት ዋጋ ጠይቁ፦ አንድ ኢንጀክተር፣ ሙሉ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ አንድ ጎማ። ኢንጀክተሩን በአራት አባዙት፣ ጎማውን በአምስት፤ ተጠባባቂው አይረሳ። እነዚህ አራት ቁጥሮች ሚዛናችሁ ናቸው። መኪናው ላይ የምታገኙትን ጉድለት በእነሱ መዝኑና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

እኛ አገር የእጅ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሞተር ሲወርድ የሚገድለው ፋሻ፣ ብሮንዚን፣ ሙሉ ጓርኒሲዮንና የቶርኖ ቤቱ ሥራ ነው። እኔ ከመግዣው አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያው ዓመት አስቀምጣለሁ። ደህና መኪና ከሆነ ይተርፋል። ደህና ሆኖልኝ የተረፈኝ አንዴ ነው።

ዕቃ ከጎንደር ልግዛ ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ የመሳሰለውን እዚሁ። ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ያገለገለ ኢንጀክተር ሲሆን መርካቶ ሶማሌ ተራ ምርጫው ይሰፋል። ግን የራሳችሁ ሰው እዚያ ከሌለ አታስቡት። በስልክ «ኦርጂናል ነው» የተባለ ዕቃ በአውቶቡስ ጎንደር ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ለመመለስ ደግሞ ሩቅ ነው። የድሮውን ዕቃ ፎቶ ከነቁጥሩ አንሥታችሁ ላኩ። ለናሙና የድሮውን አትጣሉ።

ከጨረታ የወጣ ይሻላል?

ሰነዱ ንጹሕ ነው፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ ቆሞ ከርሟል። የቆመ መኪና ሰርባቶዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ይዝጋል፣ የዘይት መያዣ ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ የፍሬን ሲሊንደሩ ተጣብቆ ይቀራል፣ አይጥም የኤሌክትሪክ ገመድ ይበላል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ይሆናል። ቆሞ የኖረውን ከገዛችሁ በዚያው ናፍጣ አታስነሱት። ሰርባቶዮውን አስወርዳችሁ አሳጥቡ።

ፎር ባይ ፎሩ መሥራቱን እንዴት ላውቅ?

አስገቡና አፈር ላይ ንዱት። አስፋልት ላይ አትሞክሩ። ካልገባ ወይም ገብቶ አልወጣም ካለ ለዓመታት አልተነካም ማለት ነው። ጥገናው ከባድ ባይሆንም ደምቢያ ጭቃ ውስጥ ከማወቅ አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ወረቀቱ ላይ ምን ልይ?

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር በራሳችሁ ዓይን አመሳክሩ። ሞተር የተቀየረባቸው ፒካፖች ብዙ ናቸው። መቀየሩ ነውር አይደለም፣ ሊብሬው ላይ አለመስተካከሉ ነው ጣጣው። ስም ሲዛወር ትያዛላችሁ። ዕዳና እገዳ መኖሩን አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አትንኩት። የዘንድሮ ቦሎ አለው ማለት ደግሞ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ደላላው «ሞተሩ ወርዶ አያውቅም» ይላል። ልመነው?

ደላላውን ተዉትና ብሎኖቹን እዩ። ቴስታታውን የያዙት ብሎኖች ጥጋቸው ተልጦ ካብረቀረቀ ቁልፍ ገብቶባቸዋል። በጓርኒሲዮኑ ጠርዝ የወጣ ቀይ ወይም ግራጫ ሲሊኮን ካያችሁ አንድ ሰው ከፍቶታል። መከፈቱ ብቻውን መጥፎ አይደለም፤ በደንብ የታደሰ ሞተር ካልተነካ ድካም ይሻላል። ግን «ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። የጋራዡን ስም ወዲያው ከነገሯችሁ ሄዳችሁ መካኒኩን አነጋግሩት። «አዲስ አበባ ነው የተሠራ» ካሉ ደግሞ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡና እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።